ግሊሰሪን የገባበት ሴራሚክ

ይሉኝታ ሊገድለኝ ነበር፤ ያውም ለንደን ውስጥ፣ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ፊት ቆሜ።

ሥራዬ ውኃ የሚያጣራ ሴራሚክ መሥራት ነበር። ነጩን ዱቄት በውኃ በጥብጠን እናቀዘቅዘዋለን። በረዶው በዱቄቱ መካከል እየሰነጠቀ ያድጋል፤ በኋላ በማድረቂያ ስናስወጣው የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ምድጃ ይገባል። እሳቱ ካነሰ እንደ በሶ ይበተናል፣ ከበዛ ቀዳዳው ይደፈናል። በዚያ ሰሞን ብልሃት አገኘሁ ብዬ ውኃው ላይ ግሊሰሪን ጨመርኩበት፤ እናቶቻችን ፊታቸውን የሚቀቡትን ያንኑ። በረዶው ደቀቀ፣ ቀዳዳዎቹም እንደ ፀጉር ቀጠኑ። ቀጭን ቀዳዳ ደግሞ ቶሎ ስለሚደፈን ሙቀቱ መቀነስ ነበረበት። ዱቄቱ አልቋል። የቀሩት ሦስት ጠፍጣፋ ሴራሚኮች ከተበላሹ የጥናት ውሌ አይታደስም፣ ቪዛዬም አብሮ ያበቃል።

ምድጃውን የሚይዙት አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ኬንቲሽ ታውን የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። ጠዋት ልነግራቸው አስቤ ከቶተንሃም የተሳፈርኩበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆመብኝ። ስደርስ ሦስቱን ሴራሚኮች ከትተው ምድጃውን በድሮው ሙቀት አስነሥተውታል። የጥናቱ አለቃ የሆነው እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር ደግሞ ከጎናቸው ቆሞ ጥንቃቄያቸውን ያወድሳል። እኚህን ትልቅ ሰው በፈረንጅ ፊት እንዴት ብዬ ተሳስተዋል ልበላቸው? ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። ስለ እግር ኳስ ጀመረ። ምድጃው ላይ ሙቀቱን የምታሳየው ቀይ ቁጥር ትወጣለች። ስለ ልጅ ልጆቹ ቀጠለ። ቁጥሯ አሁንም ትወጣለች። ሰውየውን በሆዴ ረገምኩት፣ ራሴንም ጭምር።

መጨረሻ ላይ ፈገግ ብዬ፣ በአማርኛ፣ "ጋሼ፣ እናቶቻችን ፊታቸውን የሚቀቡትን ፈሳሽ ጨምሬበታለሁ። እባክዎ ሙቀቱን በመቶ ዝቅ ያድርጉልኝ፤ አለቀልኝ" አልኳቸው።

እርሳቸውም ሣቁ። ጣታቸው ግን ወዲያው ቁልፉን መጫን ጀመረ። ፕሮፌሰሩ ምን እንዳልኩ ጠየቀ።

"ምሳ በልተዋል ወይ ነው የምትለኝ" አሉት በእንግሊዝኛ።

በማግስቱ ሦስቱም ደህና ወጡ። በአንደኛው ላይ ውኃ አፈሰስኩበት። ትንሽ ተኝቶ ቆየና ከሥር መንጠብጠብ ጀመረ። እንባዬ መጣ። ሰው ፊት ስላረምኳቸው ይቅርታ ልጠይቃቸው ወደ እርሳቸው ዞርኩ።

"ተይው" አሉኝ ሳይስቁ። "ለእኔ ክብር ብለሽ ዝም ብለሽ፣ ይሄ ሁሉ ልፋትሽ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ዓይንሽን አያለሁ?"