ሦስተኛዋ ጸሎተኛ

የበልግ ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ሰው ሁሉ የሚሰማው ዝናቡን ነው፤ እኔ ግን ከሥሩ የድመት ድምፅ ይሰማኛል። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ማርታ ከምትባል የወላይታ ልጅ ጋር ደባል ሆነን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ ዝናብ ማለት እፎይታ ነው። እስኪያባራ ድረስ ድመታችን እንደ ልቧ ብትጮህ የሚሰማት አልነበረም።

እንዳትሰማ የምንጨነቀው አከራያችን እትዬ ብዙነሽ ገና ቁልፉን ሲሰጡን ሕጉን ቁርጥ አድርገው ስለነገሩን ነው። «ወንድና ድመት እዚህ ግቢ አይገቡም። ወንዱ እናንተን፣ ድመቷ ጫጩቶቼን ነው የምታጠፋብኝ» ነበር ያሉት። እትዬ ብዙነሽ ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ አስተማሪ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ነጠላ ከትከሻቸው የማይወርድ ኮስታራ ሴት ነበሩ። አባቴ ከአለታ ወንዶ ወዲያ ካለው መንደራችን ይዞኝ ሲመጣ ቤቱን የመረጠው ለዚሁ ኮስታራነታቸው ሲል ነው። እኛ መንደር ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አልነበረም። «እኚህ ሴትዮ ካስወጡሽ ሌላ ቤት አልፈልግልሽም፤ ትምህርቱ ይቅርና ቀጥታ ወደ ቤትሽ» ብሎኝ ሄደ። አባቴ ደግሞ አንዴ የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም።

ድመታችንን ቆሮሶን ያመጣቻት ማርታ ናት። አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ቆመን እናያለን። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ አሞራዎች፣ አንጀቱን ለመንጠቅ ሲጋፉ መሐላቸው ጭብጥ የማትሞላ ግራጫ የድመት ግልገል ተቀምጣ ታለቅሳለች። ማርታ አላማከረችኝም። ዘላ ገባችና ደብተር መያዣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታት ወጣች። የሒሳብ ደብተሯ ዓሣ ዓሣ ሲሸት ከረመ። ስሟንም ከዚያው ሐይቅ ዓሣ ወስደን ቆሮሶ አልናት። እኔ እንኳ «መልሻት፣ ታስወጪኛለሽ» ብዬ እስከ ቤት ተጨቃጭቄ ነበር። ልተኛ ስል መጥታ እግሬ ሥር ጥቅልል አለች። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እግሬ የሞቀኝ ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ አበቃ።

አልጋ ሥር በካርቶን ውስጥ አሸዋ አድርገን አኖርናት። የዓሣ ራስ ለምነን ስናመጣላት ሽታው ግቢውን ይሞላዋል፤ እትዬ ሲጠይቁን «ዓሣ እንወዳለን» እያልን ሁሉን በሆዳችን አላከክነው። ችግሩ ዝናብ የሌለ ቀን ነው። ቆሮሶ ከትምህርት ቤት መመለሳችንን ስታውቅ አንዴ ከጀመረች አታቆምም። መላውን ያገኘችው አሁንም ማርታ ነች። ሁለታችንም ጴንጤዎች ነን፤ ጮክ ብለን ብንጸልይ ማን ይጠረጥረናል? ቆሮሶ ስትጮህ በመዝሙር እንጀምራለን፣ ከዚያ እኔ በአገሬ ቋንቋ በሲዳሙ አፎ፣ ማርታ በወላይትኛ ጸሎቱን እናስነካዋለን። ድመቷ መዝሙር ትወድ ነበር መሰለኝ፣ እኛ ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ እሷም ከፍ ታደርጋለች። እትዬ ብዙነሽ ከውጭ ሆነው «ኧረ እግዜር ጆሮው ይሰማል!» ይሉናል። እኛ በሳቅ ትራሳችንን እንነክሳለን።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ በሩ ተንኳኳ። ቆሮሶን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁና ከፈትኩ። እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ሳይጋበዙ ገብተው አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አለቀልኝ አልኩ። መናኸሪያ ወደ መንደራችን የሚሄድ መኪና ስሳፈር፣ አባቴም ዕቃዬን ሲቀበለኝ ሁሉ ታየኝ።

«ስትጸልዩ እሰማችኋለሁ» አሉ። «ሲዳሙ አፎውን እለየዋለሁ፤ እዚህ አገር ኖሬያለሁ። ወላይትኛውንም እለየዋለሁ። ሌላ ሦስተኛ ድምፅ አለ። በልሳን የምትጸልየው ማንኛችሁ ናት?»

ማርታ ዓይኗን በጨው ታጥባ «እኔ ነኝ እትዬ» አለች።

እትዬ ብዙነሽ የነጠላቸውን ጥለት ማፍተልተል ጀመሩ። ዓረብ አገር ለሥራ የሄደችው ልጃቸው ሰናይት ከደወለች ቆይታለች። ሳሎናቸው ያለውን ስልክ ዳንቴሉን ገልጠው ሲያዩት፣ አንስተው ድምፅ እንዳለው ሲያዳምጡ ስንቴ አይተናቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። «በሃይማኖት አንገናኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ግን እኔ የምጸልየው በለሆሳስ ነው። ምናልባት አልተሰማ ይሆናል። እናንተ ጮክ ትላላችሁ። እስቲ ለሰናይቴ ጩኹላት።»

አፍነነው የነበረው ሳቃችን የት እንደገባ አላውቅም። ተንበረከክን። እንደዚያ ቀን ከልቤ የጸለይኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ሰናይትን በፎቶ እንጂ በአካል አላውቃትም፤ ስሟን ስጠራ ግን እንባዬ ይወርድ ነበር። ማርታም ድምፅዋ ተቆራረጠ። ቆሮሶ ታዲያ ጩኸታችንን ስትሰማ እንደ ልማዷ አብራን ጀመረች። ጭራሽ ከአልጋው ሥር ወጣችና የእትዬ ብዙነሽን ቀሚስ ቧጥጣ ጭናቸው ላይ ተቀመጠች። ዓይኔን ስገልጥ ከእትዬ ጋር ተያየን። ማርታ ዓይኗን ጨፍና ገና እየጸለየች ነው።

«ልሳኑ ይቺ ናት?» አሉ እትዬ።

«እትዬ በእግዜር፣ አባቴ ትምህርቴን ያስቆመኛል...» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል እጃቸውን አነሱ። «ዝም በይ። መጀመሪያ አሜን በሉ፣ ጸሎት ተጀምሮ አይቋረጥም።» አሜን አልን። ቆሮሶን ከጭናቸው አወረዷት። «ሰናይት እስክትደውል ትቆይ። ጫጩቶቼን ከነካች ግን ሦስታችሁም ትወጣላችሁ» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እየመጡ አብረውን ይጸልዩ ጀመር። እሳቸው በለሆሳስ፣ እኛ በጩኸት፣ ቆሮሶ ጭናቸው ላይ። ስልኩ የደወለ ቀን ድመታችን እንደምትሄድ እናውቃለን፤ ስልኩ እንዲደውል ደግሞ እንለምናለን። ማርታ አንድ ቀን «ትንሽ ቢዘገይስ?» ብላ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ደንግጠን ሁለታችንም ከመጀመሪያው ጀምረን ጸለይን።

አንድ ጠዋት ከሳሎኑ እልልታ ሰማን። ሰናይት ደወለች! አሠሪዎቿ ስልክ ከልክለዋት ነው እንጂ ደህና ናት። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ቃል ቃል ነውና ግን ቆሮሶን ካርቶኗ ውስጥ ከተን፣ ዓይናችን ቀልቶ በር ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። እትዬ ብዙነሽ ፊታቸው በእንባ ታጥቦ መጡ፣ ካርቶኑን አዩት፣ እኛን አዩን። «ምን ትገተራላችሁ? አስገቧት!» አሉ። «ለለመኑት ሲሰጥ ምስጋና የለም እንዴ? ምስጋናው እስኪያልቅ ትቆይ።»

ምስጋናው አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክንጨርስ አላለቀም። ስንለቅ ቆሮሶ ከእሳቸው ጋር ቀረች፤ እዚያው አረጀች። ዛሬ እትዬ ብዙነሽ በሕይወት የሉም፣ ግቢያቸው ላይ ፎቅ ቆሟል። ማርታ ጅማ አግብታ ትኖራለች። በበዓል እንደዋወላለን፤ ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና ናቸው ተባብለን ወሬው ያልቅብናል።

ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ስወጣ ፒያሳ አንድ ሱቅ ደጃፍ የድመት ግልገል አየሁ። ጎንበስ ብዬ ዳበስኳት። ቤቱ የራሴ ነው፣ የሚከለክለኝ የለም፣ የሚያስወጣኝም የለም። ሌሊቱን ሙሉ ብትጮህ «ምንድን ነው?» የሚለኝ ሰው የለም። ቦርሳዬን ከፈት አድርጌ ትንሽ ቆየሁና መልሼ ዘጋሁት። ድመትማ ከየትም ይገኛል፤ አብራኝ የምትደብቅ ማርታን ግን ከየት ላምጣ?