ቀንድ ያቃናው መምህር

መምህር ልዑልቃል ጋምቤላ ሲላክ "ለሁለት ዓመት ብቻ ነው" ተብሎ ነበር። ይህን ያለው ሹም ተሽሮ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ጋምቤላም ክልል ተብላ፣ ልዑልቃል እዚያው ባሮ ዳር በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ላቡን ይጠርግ ነበር። በየዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ይጠይቃል፤ በየዓመቱም "ካንተ ሌላ የሥዕል መምህር የለንም" ይሉታል። ሙገሳ ይሁን እስራት ለእርሱም አልተለየለትም።

ቀለም የለም። ወረቀቱም ገና ሳይነካ በላብ ይርሳል። የሞላው ሽቦ ነው። ክልል ከተባለ ወዲህ ቢሮ ያልተጀመረበት ሜዳ ስላልነበረ የብረት ማሰሪያ ሽቦ ቁራጭ በየግንባታው እንደ ጭድ ተበትኗል። ልዑልቃል ሠልጣኞቹን አስከትሎ ይለቅማል፤ ከዚያ በፒንሳ እያጠማዘዙ ዓሣውንም፣ ጀልባውንም፣ ሰዉንም ይሠራሉ።

"በሽቦው መካከል ያለው ባዶ ቦታም የሥራው አካል ነው" ይላቸዋል።

"ቲቸር፣ ባዶውን ጨርሰናል፤ የቀረን ሽቦው ነው" አለችው አንድ ቀን አኬሎ የምትባል ሠልጣኝ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሚዛን ላይ ሲደርስ ግን ልዑልቃል ቀልድ አያውቅም። ጠረጴዛውን እየመታ "ሚዛን ማለት ግራና ቀኝ እኩል መሆን አይደለም! ሚዛን ማለት አለመውደቅ ነው!" ይላል። ሠልጣኞቹ ሁሉ ይህን በቃላቸው ያዙት። ቀድሞ የረሳው እርሱ ራሱ ነው።

በዚያ ዓመት የክልሉ ትምህርት ቢሮ ኤግዚቢሽን እንዲዘጋጅ አዘዘ። የተመረጠው ሥራ ከነመምህሩ ወደ አዲስ አበባ ይላካል ተባለ። "ከነመምህሩ" የምትለዋን ቃል ሲሰማ የልዑልቃል ልብ ዘለለች። አንዴ አዲስ አበባ ከገባ ማን ይመልሰዋል!

ለዚህ ጉዞ ያጨው የሠልጣኙን የቦልን የሽቦ በሬ ነበር። ቦል ከማታር በኩል የመጣ ኑዌር ነው፤ የክፍሉን በር ጎንበስ ሳይል አያልፍም። የሠራው በሬ በአራት ቀጫጭን እግሮቹ ተኮፍሶ ቆሟል፤ ሊያገሳ የተሰናዳ ይመስላል። ቀንዶቹ ግን ልዑልቃልን እንቅልፍ ነሱት። አንደኛው አፍንጫውን አልፎ ወደ ፊት ተወርውሯል፤ ሌላኛው ወደ ኋላ ጀርባው ላይ ተለምጧል። "የአዲስ አበባ ሰዎች ምን ይላሉ? ሁለት ቀንድ እኩል ማድረግ እንኳ አላስተማረም አይሉኝም?"

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በዋዜማው ከሰዓት ሠልጣኞቹ ወንዝ ሲወርዱ ፒንሳውን አነሣና የኋላውን ቀንድ ጎትቶ እንደ ፊተኛው አደረገው። አሁን ተስተካከለ፤ አማረም። እጁን ሲለቀው በሬው በአፍንጫው ተደፋ። አነሣው፤ ተደፋ። ቀንዱን መመለስ ግን በሐሳቡም አልመጣ፤ የኋላ እግሮቹን በፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር አጣበቃቸውና ሄደ።

በማግስቱ የቢሮው ኃላፊ አቶ ጎኝ መጡ። እርሳቸውም ከብት ጠብቀው ያደጉ ሰው ናቸውና በሬውን ሲያዩ ሌላውን ሁሉ አልፈው ወደ እርሱ ሄዱ። ቀና አድርገው ሊያዩት ሲያነሡት ፕላስተሩ ተላቀቀ። መልሰው ሲያስቀምጡት ተደፋ። አቆሙት፤ አሁንም ተደፋ። ልዑልቃል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ይሄ የማን በሬ ነው?" አሉ አቶ ጎኝ።

"የኔ ነበር" አለ ቦል።

ቀረብ አለና ቀንዱን በባዶ ጣቱ ወደ ኋላ መለሰው። በሬው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እውነተኛውን በሬ አባቴ ሰጠኝ" አለ ቦል ወደ መምህሩ ዞሮ። "ትንሽ እያለ ቀንዱን እኔ ቆረጥኩ፣ እንዲህ እንዲያድግ። ጓደኞቼ በበሬው ስም ነው የሚጠሩኝ። ሁለቱም ወደ ፊት ከሆነ፣ ቲቸር፣ የሌላ ሰው ነው። ደግሞ ሚዛን እኩል መሆን አይደለም። አለመውደቅ ነው።"

መምህሩን ሊነካው ብሎ አልነበረም፤ የተማረውን መመለሱ ነው። ነገሩ የባሰው ለዚህ ነው።

"አሁን በሬ ሆነ!" አሉ አቶ ጎኝ እየሳቁ። ወደ አዲስ አበባ የመላኩ ነገር ግን በዚያው ተረሳ፤ ልዑልቃልም ሊያስታውሳቸው አልደፈረም።

ቦል በተመረቀ ማግሥት የልዑልቃል ዝውውር ተፈቀደ። ክልሉ የራሱን የሥዕል መምህር ስላገኘ እርሱን የሚይዝበት ምክንያት የለውም ተባለ። መምህራኑ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ደስ ሊለው ሲገባ ሆዱ ባባ፤ ለምን እንደሆነ ለራሱም መናገር አፈረ። መናኸሪያ ሊሸኘው የመጣው ቦል በሬውን በእጁ ሰጠው። እንዲህ ሆኖ ሥራው ከነመምህሩ አዲስ አበባ ገባ።

ናዝሬት የምትባለው እህቱ ጓዙን ስታራግፍ በሬውን አገኘችው። "ውይ፣ መንገድ ላይ ተጣሞብሃል" አለችና እሱ "ተይ!" እስኪል ድረስ ቀንዱን ስባ አቃናችው። በሬው በአፍንጫው ተደፋ።

"የሰው ስም ነው እኮ!" ብሎ ጮኸባት። እሷ ወንድሟን ሙቀት ነክቶት የመጣ መሰላት።

ልዑልቃል ፒንሳ ይዞ ተቀመጠ። ቀንዱን ወደ ኋላ ቢመልሰው በሬው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ጥቂት ቢያነሣው ወደ ጎን። ቦል በጣቱ ያገኘውን ቦታ ስንት ዓመት ሚዛን ያስተማረው ሰው ሊያገኘው አልቻለም። በሬው እስከ ዛሬ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ልዑልቃል ደግሞ ከርሞ ወደ ጋምቤላ ለመዛወር የት እንደሚጠየቅ ሰው ሲያጠያይቅ ተሰማ።