እትዬ በላይነሽ ጀብዱ ያሉት

ልጅ ሳለሁ፣ ካሳንቺስ ከኡራኤል ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ መብራት የጠፋ ዕለት ደስታዬ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ፋኖሳቸውን አንጠልጥለው ይወጡና እናቴ በቆሎ ከምትጠብስበት ከሰል ዳር ተቀምጠው ልብ ወለድ ያነቡልናል። ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ንቅንቅ አንልም።

ማንበብ ብቻ ቢሆን ጥሩ! እትዬ ከደራሲው ጋር ይጣሉ ነበር፤ በተለይ «ጀብዱ» የምትለዋ ቃል ስትመጣ። ጀግናው ገደል ዘለለ፣ ጀብዱ፤ ሰው ገደለ፣ ጀብዱ። እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ኧረ ባክህ! ይቺን ቃል እንደ ቆሎ አትበትናት» ይሉታል፣ ደራሲው አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስል። «እናቱስ የት ገባች? አንድ ገጽ እንኳ ነፈግካት!» እኛ በሳቅ እንሞታለን።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሥራ አጥቶ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሞያሌ በኩል ተደብቆ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ እንደቆረጠ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእማዬ እንዳልናገር አስምሎኛል።

አንድ ምሽት መጽሐፉ ውስጥ ያለው ወጣት እናቱን ሳይሰናበት ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ደራሲው እንደ ልማዱ «ጀብዱ» አለው። እትዬ ግን ያን ዕለት አልተቆጡም።

«ይሄ ልጅ ፈርቷል እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ያቃተው ለእናቱ ፈርቻለሁ ማለት ነው።»

የዳዊትን ነገር ሰምተው ይሁን በአጋጣሚ፣ ዛሬም አላውቅም። ዳዊት የያዘውን በቆሎ አስቀመጠ።

«እማዬ» አለ፣ «ከነገ ወዲያ ልጠፋ ነበር። በቃ፣ ፈራሁ።»

ሰፈሩን ሁሉ አራዳ ነኝ እያለ ያስቸገረ ልጅ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት! ይሳቅበታል ብዬ እኔ ተሸማቀቅሁ። ማንም አልሳቀም። እናቴ ማራገቢያዋን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ አለቀሰች። እትዬ በላይነሽ መጽሐፉን ዘጉና «በሉ፣ ጀብዱ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ያቺን ቃል ለሰው ሲሰጡ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ጓደኞቹ ሄዱ። አንዱ ደርሶ ደወለ፤ የሌላኛው እናት ዛሬም ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች። ወንድሜ ሰንጋ ተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ ገበያው አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፣ እሱም ማማረር ይወዳል። እትዬም አረፉ፣ ግቢውም ፈረሰ። ግን እሑድ እሑድ እናቴ ቤት ምሳ ስንበላ፣ እሷ ሳትጠይቀው ወጥ ስትጨምርለት፣ እሱ «ኧረ በቃኝ» እያለ ሲበላ አያቸዋለሁ። ያኔ በሆዴ፣ እትዬ በላይነሽ፣ ነፍስዎን ይማር እላለሁ።