ሃብተአብ የፈረመባቸው አርባ አንድ ካርዶች

ሃብተአብ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የቆየ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ካርድ ጠፋ ሲባል የሚጠራው እሱ ነው፤ አሽትቶ ያገኘዋል እያሉ ያሙታል። ኩሩ ነው፤ ትንሽም ግትር። ኮምፒውተሩ ለልደት ዓመት የሰጠው ቦታ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ 62፣ 85 እየተባለ ይሞላል። ሁላችንስ ደብተር ላይ እንደዚያው አይደል የምንጽፈው? አዲስ ሠራተኛ ግራ ሲገባው ሃብተአብ ይቆጣል።

"ሽማግሌና ሕፃን የማይለይ ሰው ካርድ ክፍል ምን ይሠራል?"

በ2017 ዓ.ም. ሚስቱ ዳናይት እዚያው ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደችለት። ካርዱን ያወጣው ራሱ ነው። ስም ገና አልወጣላትምና "የዳናይት ሕፃን" ብሎ ጻፈ፤ ዓመቱ ላይ 17 ሞላ። አዋላጇ ትንሿን እግር ቀለም አስነክታ ካርዱ ላይ አተመች።

ሕፃኗ በዘጠነኛ ቀኗ ሞተች። ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና አልተነሳችምና ስም የላት፣ ፍትሐት የላት፣ ተዝካር የላት። ዓይን ይበላታል ብላ አማቱ ስለከለከለች ፎቶ እንኳ አልተነሳችም። የቀረቻቸው ያቺ የእግር አሻራ ብቻ ነበረች።

"አምጣልኝ" ትለዋለች ዳናይት።

"እሺ፣ ነገ።"

አንጀቱ አልችል ብሎት ነው እንጂ ቦታውን ያውቃል። በሟቾች መደርደሪያ በኩል ማለፍ እንኳ ትቷል። ነገ፣ ነገ ሲል ዓመት ሊሞላ ሆነ።

በዚህ መሃል መደርደሪያው ጠበበና ከተወለዱ መቶ ዓመት ያለፋቸው ሟቾች ካርድ ይቃጠል ተባለ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሄኒ ዝርዝሩን አትማ ሰጠችው፤ አርባ አንድ የካርድ ቁጥር፣ ከጎኑ ዕድሜ። ስም የለውም። መቶ አንድ፣ መቶ ሰባት፣ መቶ አሥራ ሁለት።

"በቃ፣ እነዚህማ ጠግበው የኖሩ ናቸው" ብሎ ሳቀና ፈረመ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እያንዳንዱን ካርድ አውጥቶ ሳያይ አይለቅም ነበር። ያንን መደርደሪያ ግን መንካት አልፈለገም፤ ለጽዳት ሠራተኞቹ ተወላቸው። እነሱም እየለቀሙ ጓሮ አቃጠሉት።

በሳምንቱ የሕፃኗ ዓመት ሞላ። ዳናይት ከባምቢስ ባለ መስታወት ፍሬም ገዝታ፣ "ዛሬ ሳትይዝ እንዳትመጣ" አለችው። ሃብተአብ ልቡን አጽንቶ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ካርዱ የለም። ወደ ሄኒ ሮጠ።

"ጋሽ ሃብተአብ፣ ማለቴ... ሲስተሙ አሮጌ ነው" አለች ስክሪኑን እያየች። "ሁለት ቁጥር ሲያገኝ ከፊቱ አሥራ ዘጠኝ ይጨምራል። 17 ለሱ 1917 ነው።"

ስሞቹን አንድ በአንድ አስከፈታት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጠግበው ኖሩ ያላቸው አርባ አንዱም ልጆች ነበሩ።

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሲደርስ ዳናይት ፍሬሙን ወልውላ ጠረጴዛ ላይ አቁማዋለች። ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራት። አልጮኸችም።

"ዝርዝሩ ላይ ምን ነበር?" አለችው።

"ቁጥር ብቻ።"

"ሃያ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሰባት" አለች ዳናይት። "ስም ስለሌላት ሳለቅስ የምጠራት በሱ ነው። እንዴት አላየሃትም?"

ሃብተአብ የልጁን ቁጥር አያውቀውም ነበር።