የጠፉት ቀይ ምልክቶች

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከከተማችን ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። መምህሬ ፕሮጀክተሩን አብርተው እኔ ኮምፒውተር ላይ የሠራሁትን የትምህርት ቤት ሕንፃ ከአዲስ አበባ ለመጡ የመንግሥት እንግዶች ሲያሳዩ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ሕንፃውን አዞሩት፣ ጣራውን አነሱት። ቀይ ምልክቶቼን ፈለግሁ። አንድም አልነበረም።

መምህር የምላቸው ዩኒቨርሲቲ ስላስተማሩኝ ነው። ስመረቅ መሃል ከተማ ወዳለው የንድፍ ቢሯቸው የወሰዱኝም እሳቸው ናቸው። አገር አቀፍ ደረጃ እየተዘጋጀ ስለሆነ ወደፊት የመንግሥት ሕንፃ የሚነድፍ ሁሉ የሕንፃ መረጃ ሞዴል መሥራት ግዴታው ይሆናል ይሉን ነበር። አርክቴክቱ፣ የስትራክቸር መሐንዲሱና የቧንቧ ባለሙያው በየወረቀታቸው ከሚስሉ፣ አንዱን ሕንፃ ኮምፒውተር ላይ አብረው ይሠሩታል፤ የማይገጥም ነገር ካለ ሲሚንቶ ሳይቦካ ይታያል። እኔ ይህን አመንኩ።

ሥራውን ሲሰጡኝ ስብሰባ ላይ መናገር እንደማልችል ያውቁ ነበር። ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጠፋል። ተማሪ ሳለሁም ጥያቄዬን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ እተውላቸው ነበር። “አፍሽ እምቢ ካለሽ ሞዴሉ ላይ ቀይ ምልክት አድርጊ፤ እኔ እናገርልሻለሁ” አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ደግ ነገር ማንም ብሎኝ አያውቅም። ስህተት ባገኘሁ ቁጥር ቀይ ክብ ማድረግ ጀመርኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ንድፍ ሠሪ “አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር ሕንፃው ኩፍኝ ይወጣበታል” እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከምልክቶቹ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ አንዱ ነው። ከፎቁ መጸዳጃ የሚወጣው ወፍራም ቧንቧ፣ ከመማሪያ ክፍሉ በላይ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የሚተኛውን ወራጅ መሃል ለመሃል ያቋርጠዋል። ወረቀት ላይ ቧንቧውና ወራጁ በተለያየ ገጽ ስለተሳሉ አይተያዩም። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ የሚሆነውን ሳይት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። የቧንቧ ሠራተኛው መሮና መዶሻ ይዞ ይመጣል፣ ወራጁን ይቦረቡራል፣ ውስጡ ያለውን ፌሮ ይቆርጣል፣ ከዚያ በላዩ ይለሰናል። ከሥሩ ልጆች ይማራሉ።

መምህሬ ያን ምልክት አይተው “ጥሩ ዓይን አለሽ። ለሳይቱ እነግራለሁ” ብለውኝ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ አንዱ እንግዳ “ያልተፈታ ግጭት፣ እርስ በርሱ የማይገጥም ነገር አለ?” ብሎ ጠየቀ።

“ምንም የለም። ንጹሕ ሞዴል ነው” አሉ መምህሬ። “ያዘጋጀችውም የራሴ ተማሪ ናት።” በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ተጨበጨበ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ለሻይ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

“መምህር፣ ምልክቶቹ…”

“አጠፋኋቸው። የቤት ጉድ ለእንግዳ ይታያል እንዴ?”

“ወራጁስ? ተስተካከለ?”

“አንቺ ልጅ፣ ንድፉ እኮ ማኅተም አርፎበት ሳይት ከገባ ቆየ። ማኅተም ያረፈበትን ማን ይከፍታል? ሞዴሉ ለእነሱ ነው። ሕንፃው የሚሠራው በወረቀቱ ነው።”

“እነግራለሁ ብለውኝ ነበር።”

“ነገ ጠዋት ወራጁንም የፎቁን ወለል ሶሌታም በኮንክሪት ይሞላሉ፣ ያልቃል። ይልቅ ተጨበጨበልሽ፤ ደስ አይልሽም?” ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ እንግዶቹ ተመለሱ።

ቢሮ ስገባ ንድፍ ሠሪው ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አልገረመውም።

“መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ያርፋል፣ ከዚያ ሞዴሉ ከወረቀቱ ላይ ይገለበጣል። ሁሌም እንደዚያ ነው የምንሠራው። ታውቂያለሽ ብዬ እኮ ነው።”

“አላውቅም ነበር።”

“ታዲያ ያ ሁሉ ኩፍኝ ለማን ነበር?” አለ። ይህን ሲል አልሳቀም።

ለማን እንደነበር እኔም ራሴን ጠየቅሁ። ቢቆጡኝ፣ ሥራሽ አይረባም ቢሉኝ እችለው ነበር። እኔ ግን ድምፄን አደራ ሰጥቻቸው ነበር። እሳቸው ድምፄን አጥፍተው ስሜን አስቀሩት። ያ ወራጅ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ፣ “ምንም የለም” ባለው ሞዴል ላይ የሚገኘው የእኔ ስም ነው። ከስሜ ይልቅ ግን ያ የመማሪያ ክፍል ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ምልክቶቹ ያልጠፉበትን የራሴን ቅጂ በላፕቶፕ ይዤ በባጃጅ ሳይት ሄድኩ። የቀን ሠራተኞቹ ጠጠር ወደ ሚክሰሩ ያጓጉዛሉ። የሳይቱን መሐንዲስ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን ጎልማሳ ሰው፣ አገኘሁት። ላናግረው ስል ድምፄ እንደ ልማዱ ጠፋ። ላፕቶፑን ሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀምጬ ወደ እሱ አዞርኩለት። ጎንበስ ብሎ አየ። ወረቀቱን ዘረጋ፣ መልሶ ሞዴሉን አየ።

“ይሄ ግጭት እኛ ወረቀት ላይ አይታይም። ማን ልኮሽ ነው፣ እህቴ?”

“ማንም” አልኩ። “የሠራሁት እኔ ነኝ።”

“ለቢሮሽ አለቃ ልደውል?”

“ይደውሉላቸው። ግን ሙሌቱ ይቁም።”

ሠራተኞቹ ሁሉ ያዩኝ ነበር። እሱ ስልኩን አውጥቶ ዞር ሲል፣ እኔ በመሰላሉ ኮንክሪቱ ወደሚሞላበት ጣውላ፣ ወደ ካሳፎርማው ወጣሁ። ፌሮው ታስሮ አልቋል። ቧንቧው የሚያልፍበትን ቦታ ለካሁ። ከቦርሳዬ ቀይ ማርከር አውጥቼ ጣውላው ላይ ትልቅ ክብ ሠራሁ። ከዚያ መሐንዲሱ እስኪመጣ ክቡ አጠገብ ቆምኩ።