የቲቸር ማር አብሪ

ቲቸር ማር ያልናት እኛ ባልደረቦቿ ነን። ከአፏ ማር ጠብ ይላልና። ማሩ ግን ለሌላ ሰው ልጅ ብቻ ነበር። ሐሜት እንዳይመስልብኝ፤ የእሷንና የእኔን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ስስ ችፑድ ስለሆነ ስታስነጥስ እኔ የማስጠናቸው ልጆች «ይማርሽ» ይሏታል።

ድርጅታችን ልጆችን አምስት አምስት እያደረገ ያስጠናል። ወላጅ ከመመዝገቡ በፊት ቅዳሜ ቀን አንድ የሙከራ ትምህርት በነፃ ያያል። ልጆቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ወላጆች ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ ባለው ክፍል ሆነው ያያሉ፣ በድምፅ ማጉያም ይሰማሉ። ከአምስቱ ልጆች አራቱ እውነተኛ ናቸው። አምስተኛዋን ድርጅቱ ራሱ ነው የሚያስገባት፤ እኛ «አብሪ» እንላታለን። መጀመሪያ ትሳሳታለች፣ አስጠኚዋ ስታስረዳት ቀስ በቀስ ይገባታል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ቦግ ትላለች። ወላጅም ይህን አይቶ እስክሪብቶ ያወጣል። ማታለል ነው? ነው እንጂ! ሥራ አስኪያጃችን ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ማበረታቻ» ይለዋል።

የቲቸር ማር አብሪ የገዛ ልጇ ነበረች። ገና የአሥር ዓመት ልጅ፣ ከሲታ፣ እንደ እሳት የምትፋጅ ጎበዝ። እዚያ ክፍል ውስጥ «እማዬ» ማለት ክልክል ነው፤ «ቲቸር» ብቻ። አባቷ ጥሏቸው ከሄደ ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናትየው ቀኑን ሙሉ ለሰው ልጅ ስታፈሰው የዋለችው ትዕግሥት ለቤት አይተርፍም። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ይዛ ስትጠጋት እዚያው ቆሜ ነበር።

«እማዬ፣ ይቺ አልገባችኝም።»

«ጎበዝ አይደለሽ እንዴ? ራስሽ ሥሪያት። በቃ አትጨቅጭቂኝ!»

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይሏል ይሄ ነው። መስታወቱ ባለበት ክፍል ግን ያችው እናት ጎንበስ ብላ ፀጉሯን እየደባበሰች «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ እንደገና እንሞክር» ትላታለች። ልጅቷ ቅዳሜ እስኪደርስ ለምን እንደምትቁነጠነጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እናቷ ግን «ልጄ እኮ ሥራ ትወዳለች!» እያለች ትኮራብን ነበር።

ቲቸር ማር ስንት ዘመን ስትሠራ በጊዜያዊነት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እኔ ባለሁበት እንዲህ አላት፦

«የዛሬዎቹ ወላጆች ሁሉም የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። እነሱ ከገቡ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ካስገባሻቸው ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ። ካላስገባሻቸው ግን እንሰነባበታለን።»

ትምህርቱ ተጀመረ። እኔም የራሴን ልጆች ጽሑፍ አስይዤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ጣልኩ።

«ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ?»

«ሁለት አምስተኛ» አለች አብሪዋ፣ እንደተለማመደችው።

እናቷ እንደ ልማዷ አንድ ወረቀት ስድስት ቦታ አጣጠፈች።

«ግማሹ ስንት እጥፍ ነው የኔ ማር?»

«ሦስት።»

«ሲሶውስ?»

«ሁለት።»

«ጎበዝ! እንግዲህ ከስድስቱ ስንቱን ያዝን?»

ቦግ ማለት ያለባት እዚህ ላይ ነበር። «ሁለት አምስተኛ» አለች። እናቷ ሌላ ወረቀት አጠፈች፣ ደግማ አስረዳች፣ «አይዞሽ» አለቻት። አሁንም ሁለት አምስተኛ። ሌሎቹ አራቱ ልጆች ገብቷቸው መሳሳቅ ጀመሩ። የቲቸር ማር ድምፅ እንደጣፈጠ ነው፤ እጇ ግን ከጠረጴዛው ሥር ወርዶ ነበር። በኋላ በልጅቷ ጉልበት ላይ የጥፍሯን ምልክት አይቼዋለሁ።

«ቲቸር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «ከገባኝ ታቆሚያለሽ አይደል?»

«አላቆምም የኔ ቆንጆ። እስኪገባሽ አለሁ።»

«ቤት ስንሄድም እንደዚህ ታስረጂኛለሽ?»

 ከመስታወቱ ወዲያ አንድ አባት «ለካ የራሷ ልጅ ናት!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ወደ ስድብ ለመለወጥ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሁሉም ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ሥራ አስኪያጁ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ተረተባት፤ ያስቦካው እሱ ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ። እዚያው በቁሟ አሰናበታት። ልጅቷ ቦርሳዋን አቅፋ በሩ ጥግ ቆማለች፤ እናቷ አንዴም ዞራ አላየቻትም። ሊወጡ ሲሉ ሰውየው ጠራት።

«ልጅቷ ግን ለሌላው ቅርንጫፋችን ትሁንልን። እዚያ የሚያውቃት የለም። አንቺም ከወላጆቹ ጋር ትቀመጫለሽ፤ የሌላ ልጅ ወላጅ መስለሽ ታደንቂያለሽ፣ ቀድመሽ ትመዘገቢያለሽ። ሥራ እስክታገኚ ይደጉምሻል።»

በጥፊ ታቀምሰዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ኧረ እንዲያውም ባቀመሰችው!

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ላምጣት?» አለችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መዝጋቢ ስለጎደለ እኔም ወደዚያ ቅርንጫፍ ተላክሁ፤ ከወላጆቹ ኋላ ተቀመጥሁ። ልጅቷን ይዛ የገባችው አንዲት ወጣት አስጠኚ ናት፤ ፈገግታ የሚባል ያልፈጠረባት። ልጅቷ በታዘዘችው ቦታ ተሳሳተች፣ በታዘዘችው ቦታ ገባት፣ አንድ ቃል አላጎደለችም። አስጠኚዋ እንደ ደንቡ ፀጉሯን ደባበሰቻት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ወደዚያ እንግዳ እጅ አስጠጋች፤ እጁ ከተነሣ በኋላ እንኳ ቶሎ ቀና አላለችም። 

ቲቸር ማር ከወላጆቹ መካከል፣ በተዋሰችው ቀሚስ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«ያቺ ከሲታዋ እንዴት ያለች አስተዋይ ናት! የእርስዎ ልጅ የትኛዋ ናት?»

ቲቸር ማር መስታወቱን አየች፣ በሩ ላይ የቆመውን ሥራ አስኪያጅ አየች።

«የእኔ እዚህ የለችም» አለች።