ከአፎቱ ያልወጣው ካራ

የመጀመሪያውን የቢላዋ እጀታ የሠራሁት ከውሻ ማኘኪያ ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ኾበር ውስጥ፣ የቤት እንስሳት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ውሻ እያኘከ ጥርሱን እንዲያጸዳበት የአጋዘን ቀንድ ቆርጠው ይሸጣሉ። ሻጩ "ውሻህ ምን ያህላል?" ሲለኝ ቢላዋ ልሠራበት ነው ማለት አፍሬ "ትልቅ ነው፤ በጣም ትልቅ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር የውሻዬን ጤንነት ይጠይቀኛል። ደህና ነው እለዋለሁ።

እንጀራዬ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ መጠገን ነው። ከሥራ ውጭ ግን ራሴን በራሴ ቢላዋ ሠሪ አድርጌ ሾሜአለሁ። ራካ ሰፈር ያለው አፓርትማችን በረንዳ ላይ ብረት እሞርዳለሁ፣ ቀንድ እፍቃለሁ፣ ቆዳ በወስፌ እየበሳሁ አፎት እሰፋለሁ። ቀንድ ሲፋቅ ልክ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። አብሮኝ የሚኖረው ሒሳብ ሠራተኛ የደሴ ልጅ አፍንጫውን ይዞ "ያ አላህ! ዛሬ ደግሞ የማንን መንጋጋ ነው የምታወልቀው?" ይለኛል። ቢላዎቼ ምንም ቆርጠው አያውቁም። ሽንኩርት እንኳ የምንከትፈው ከሰፈሩ ሱቅ፣ ከባቃላ፣ በገዛናት ቀይ የላስቲክ እጀታ ባላት ቢላዋ ነው። የኔዎቹ ለፎቶ ናቸው። ፎቶውን ያላሳየሁት ሐበሻ ደግሞ የለም፤ ጣጣዬም የመጣው ከዚሁ ነው።

እትዬ የምላቸው ሴት አሉ። ከጎጃም የመጡ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ኾበር ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። የማዳማቸውን እናት ሆስፒታል ይዘው ሲመጡ ተዋወቅን። በስመ አብ ያልተባለበት ሥጋ አይበሉም። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ሥጋ የሚባል ነገር በአፋቸው አልዞረም፤ ፋሲካን የሚፈቱት በእንቁላል ነው። ማዳም ሥጋውን ሲመልሱ አይታ "ሙሽኪላ? ምን ችግር አለ? ሆድሽን ያምሻል?" ስትላቸው "አዎ፣ ያመኛል" ብለው ያልፉታል። ዘንድሮ ፋሲካ ሲቃረብ የካራዬን ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ምስሉን አስፍተው አዩት።

"ክርስቲያን ነህ። ወንድ ነህ። ካራ አለህ" አሉኝ። "እንግዲህ ምን ቀረ?"

የቀረው፣ በሕይወቴ ዶሮ አርጄ አለማወቄ ነበር። አዲስ አበባ ሳለን የሚያርደው አባቴ ነው፤ እኔ በዓል በመጣ ቁጥር ያቺን ሰዓት ጠብቄ ሱቅ ሄጄ የምቀር ነበርኩ። ይህን እንዳልናገር የሴትየዋ ዓይን እንባ አቅርሯል። "ምን ችግር አለ እትዬ፤ ለኔ ይተዉት!" አልኩ። አፌን ቁርጥ ያርገው!

የእረፍት ቀናቸው ዓርብ ስለሆነ በዓሉን ከፋሲካ በኋላ ላለው ዓርብ ቀጠርነው፤ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ዓርብም ቢሆን ይበላል። ረፋዱ ላይ እትዬ እንደሳቸው ሰው ቤት ከሚሠሩ ሁለት ልጃገረዶች ጋር መጡ። ካርቶን ውስጥ ቀይ አውራ ዶሮ አለ። ሻጩ ካላረድኩልሽ ቢላቸው "ማፊ! ማፊ! አይሆንም!" እያሉ ከእጁ ነጥቀው ነው ያመጡት። የደሴው ልጅ ዶሮውን አየ፤ እኔን አየኝ። "እኔ ልረድ ብል እናንተ አትበሉም፤ እሱ ይረድ ብል ዶሮው አይሞትም" አለና ሳቁን ሳይጨርስ ለጁምዓ ወጣ።

ጣራ ላይ ወጣን። ልጆቹ ዶሮውን አጋድመው ያዙልኝ። እኔ ካራዬን ከነአፎቱ ቀበቶዬ ላይ አንጠልጥያለሁ፤ ምነው ጋሻ ቢጨመርልኝ! ሳብኩት። አልወጣም። አሁንም ሳብኩት። ቢላዋ ቆዳ ውስጥ አይቀመጥም፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ያዝገዋል። የዚህ ሙያ ሀ ሁ ይኸው ነው፤ የኾበር የባሕር እርጥበት ደግሞ ለመኪናም አይመለስ። እኔ ግን ከነአፎቱ ስለሚያምርብኝ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ውስጥ አኑሬዋለሁ። በመጨረሻ ጥርሴን ነክሼ በሙሉ ኃይሌ ስስበው ቋ! አለ። ብረቱ አፎቱ ውስጥ ቀርቶ እጀታው ብቻ እጄ ላይ መጣ። የውሻ ማኘኪያ ይዤ ዶሮ ፊት ቆምኩ።

ልጆቹ በሳቅ ፈርሰው ዶሮው ሊያመልጥ ነበር። እትዬ አልሳቁም። "ማዳም ከመግሪብ ሶላት በፊት ግቢ ብላኛለች" አሉ ቀስ ብለው። ወርደው ያቺን ቀይ ቢላዋ አመጡ። ከእጅ ለእጅ አይሰጥም፣ ያጣላል፤ መሬት አስቀመጡልኝና አነሣሁ።

"እትዬ፣ አርጄ አላውቅም።"

"አውቄአለሁ። የሚያርድ ሰው ፎቶ አያሳይም።"

"ታዲያ እርስዎ አይባርኩትም?" አለች አንደኛዋ ልጅ።

"ሴት? በሞትኩት!" አሉ እትዬ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ስንት ፋሲካ ሙሉ ያላፈረሱትን ሥርዓት እኔ ጣራ ላይ ሊያፈርሱት ነው? ቢላዋዋን አዩ፤ ዶሮውን አዩ። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ አጠገቤ በርከክ ብለው እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ።

"እጁ ያንተ፣ ጉልበቱ የኔ፣ ስሙ የሥላሴ። በል ጥራ።"

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አልኩ፤ ድምፄ ቅጥን ብሎ ወጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በበረኪና የሻከረው እጃቸው እጄን ገፋው። ኸላስ፤ አለቀ።

ወጡ ደርሶ ስንቀርብ የደሴው ልጅ ከራሱ የፉል ሳህን ቀና ብሎ "ለመሆኑ ማን አረደው?" አለ። ልጆቹ አቀረቀሩ። "እሱ ነዋ!" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። ከዚያም ፈረሰኛውን፣ የአባወራውን ድርሻ፣ አውጥተው እኔ ፊት አስቀመጡ። እኔም ያን ያህል አላበድኩም፤ አንስቼ ወደሳቸው መለስኩት።

እትዬ ፈረሰኛውን ትክ ብለው አዩት። ፈራሁ። የሴት እጅ አለበት ብለው ቢተዉትስ? ያ ሁሉ ዓመት በኔ ጉራ ምክንያት ዳግመኛ ሊጀመር ነው? አማተቡ። ቆረሱ፣ ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። አጥንቱን እስኪያበራ ድረስ ጋጡት።

"ዛሬ ማዳም ሆድሽን ያምሻል ወይ ትበለኝ" አሉ፣ ሌላ እየጨለፉ።